ሁለተኛው ዙር በጅቡቲ

ነገሩ የተጀመረው አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አክስቴ ከጅቡቲ ስትደውል ነው። በዚያ ሰዓት አሠሪዎቿ ከቀን እንቅልፋቸው ተነስተው ይወጣሉ፤ እሷም ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታነሳለች። እኔ አዲስ አበባ፣ የምሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠርሙስ እያጠብኩ ነበር። በዚያው ሰሞን የመጀመሪያ ማራቶኔን ሮጬ ስለነበር እንደ ቀላል ነገር ነገርኳት።

«ማራቶን? ረጅሙን?»

«አዎ አክስትዬ።»

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«ጨረስኩ።»

ሳቀች። «አውቅሻለሁ እኮ። ከክፍል አንደኛ ወጥተሽ እንኳ ‹አለፍኩ› ነበር የምትዪው።»

ላርማት አፌን ስከፍት እሷ ቀጠለች። እዚያም ከተማ በየዓመቱ ማራቶን እንዳለ፣ ፈረንጆች ሳይቀሩ እንደሚሮጡበት፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ማስታወቂያ እንደተለጠፈ ነገረችኝ። «ነይና ሩጪ። አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ ልይሽ» አለች።

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ለሥራ ጅቡቲ ሄደች፤ ተመልሳም አልመጣችም። ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ወንድሜ ስልኩን ወደ መድረኩ ከፍ አድርጎ ይዞላት ስሜ ሲጠራ ሰማች። ማዳሟን ፈቃድ መጠየቅ አፍራ ነው የቀረችው። ዓይን አፋርነት በቤታችን አለ። እኔም የምሮጠው ጎህ ሳይቀድ፣ የሰፈሩ ሰው ሳይነሳ ነው። እንኳን ሰው፣ ውሻም ሲያየኝ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።

ሆኖም ተመዘገብኩ። ውጤት አልመኝም ነበር። የማጠናቀቂያውን መስመር ስረግጥ አክስቴ እዚያ ቆማ እንድታየኝ ብቻ ፈለግሁ።

ከድሬዳዋ በሌሊት አውቶቡስ ተነስቼ ጠዋት ጅቡቲ ገባሁ። አክስቴ አሠሪዎቿ ቤት ልታሳድረኝ ስለማትችል ካርቲየ 4 በሚባል ሰፈር አንዲት ጓደኛዋ ያላት የአበሻ ምግብ ቤት ጀርባ አልጋ ተዘጋጀልኝ። ምግብ ቤቱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቤት ነው። ከመካከላቸው አንዱን ሸበቶ ሰውዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አክስቴ የምትልክልንን ሽቶና ጨርቅ አዲስ አበባ ድረስ የሚያደርስልን እሱ ነበር። ገና ደጃፉን ስረግጥ ተነስቶ አጨበጨበ።

«ሯጯ መጣች! ወጡ ላይ ዘይት እንዳታበዙባት!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እንደዚያ አይደለሁም» አልኩ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ።

«አያችሁ? ደህና ሯጭ አይፎክርም። ነገ እነዚያን ኬንያዎች አደራ!»

ያኔ ገባኝ። አክስቴ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። ለእነሱ ሩጫ ማለት መቅደም ነው፤ ለመጨረስ ብሎ አገር አቋርጦ የሚመጣ ሰው ሰምተው አያውቁም። ማታ አክስቴ ለትንሽ ጊዜ ብቅ ስትል ልነግራት ፈልጌ ነበር። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «አደግሽብኝ» ስትለኝ ግን ሌላው ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳሟን ደፍራ ጠይቃ እስከ ስድስት ሰዓት ተፈቅዶላታል። ሩጫው ዓርብ ስለሆነ የአሠሪዎቿ ቤተሰብ ምሳ ይጠብቃታል። እኔ ደግሞ በሒሳቤ፣ ንጋት ላይ ከተነሳን ከስድስት ሰዓት በፊት እገባለሁ።

ንጋት ላይ ግን አልተነሳንም። ሩጫውን የሚያስጀምሩት የክብር እንግዳ እስኪመጡ በባሕሩ ዳር ቆመን ጠበቅን። ፀሐይዋ ወጣች፣ ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ አበራ፣ እንግዳውም መጡ። የአገሩ ሰው የብርድ ወራችን ነው እያለ ሹራብ ደርቧል፤ እኔን ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ላቡ ያጥበኝ ጀመር። ሰው ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። የወደቡን መንገድ ብቻዬን ጨረስኩ፤ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለውን ሰፈር ብቻዬን አቋረጥኩ። ሸቀጣቸውን መሬት ላይ የዘረጉ ሴቶች «ኢትዮጵያ! ኢትዮጵያ!» ሲሉኝ በአንገቴ ብቻ ሰላም እላለሁ።

መንገዱ ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ወደ ምግብ ቤቱ ስቃረብ ከኋላዬ ሞተር ብስክሌትና የእግር ኮቴ ሰማሁ። የውድድሩ መሪዎች፣ ሁለት ቀጫጭን ወንዶች፣ ሁለተኛ ዙራቸውን እየሮጡ በአንድ ዙር በልጠው ሊደርቡኝ ነው። ምግብ ቤቱ ደጃፍ የተሰበሰቡት ሾፌሮች ግን ያዩት ሌላ ነው። እኔ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ።

«ወንዶቹን እየመራች ነው!» ብሎ ሸበቶው ሾፌር ወንበር ላይ ወጣ። «ዓለም ጉድ ይበል!»

አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እልልታዋን አቀለጠችው። የጎረቤቱ ሶማሌ ሻይ ሻጭ ሳይቀር ያጨበጭባል። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን አክስቴ እያለቀሰች ነበር፤ ያን እንባ በውሸት መውሰድ ከበደኝ። ቆምኩ።

«አክስትዬ፣ መጨረሻ ነኝ።»

«ምን?»

«መጨረሻ። እነሱ ሁለተኛ ዙራቸው ነው። እኔ ገና አንደኛዬ ነው።»

ሁለቱ ወንዶች በአጠገቤ እንደ ነፋስ አለፉ። እልልታው ተቋረጠ። ፊቴ ነደደ። ያን ሁሉ ዓይን ችዬ ቆሜ እንዴት እንደተናገርኩ አሁንም ይገርመኛል።

«ከኋላሽ ሰው የለም?» አለች አክስቴ ቀስ ብላ።

«ማንም የለም።»

ሸበቶው ሾፌር ከወንበሩ ወረደ። «እና ቆመሽ ታወሪያለሽ እንዴ? ገና ሌላ ዙር አለሽ አይደል? እኛ በረሃውን ስናቋርጥ የኋላው መኪና ሳይደርስ እራት አንቀርብም። ሂጂ፣ ልጄ! አይዞሽ፣ አለን!»

አክስቴ ውኃ ሰጠችኝ። «እስከ ስድስት ትደርሻለሽ?» አለችኝ። እሞክራለሁ አልኳት።

ሞከርኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች፤ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። ከተማው ከኢትዮጵያ የሚመጣውን የዕለት ጫት ወደሚጠብቅበት ሰዓት ስንቃረብ ውኃ የሚያድሉት ልጆች ጠረጴዛቸውን እየተዉ ሄዱ። ቀጣዩ ጠረጴዛ ባዶ፣ ከዚያም የሚቀጥለው ባዶ። ልቀመጥ ስል አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ ቀደመኝና ቆመ። ሸበቶው ሾፌር ጄሪካን ይዞ ወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አናቴ ላይ አፈሰሱልኝ፣ አጠጡኝ፣ ተሳፍረው ወደ ፊት ሄዱ፤ ከዚያ ደግሞ ጠበቁኝ።

ምግብ ቤቱ ጋ ስደርስ የአክስቴ ወንበር ባዶ ነበር። ስድስት ሰዓት አልፏል። ማልቀስ ብፈልግም ለእንባ የሚሆን ውኃ አልነበረኝም።

ማጠናቀቂያው ላይ ሪባኑን ጠቅልለው አጥሩን እየነቀሉ ነበር። ሜዳልያ የምታድለው ሴትዮ ሳጥኗን ዘግታ ተነስታለች፤ ስታየኝ መልሳ ከፈተችው። ሸበቶው ሾፌር መስመሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይጮኻል። «ደረሰች! አንድ እርምጃ ቀራት! ገባች! ገባች በይው!»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። የድስት ክዳን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ቤቱ እንዳይሰማ በእጅ የታፈነች ትንሽ እልልታ።

ደስ አለኝ። ግን ይኼም በስልክ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እግሬ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ግድግዳ እየያዝኩ ተነሳሁ። ላብ ያደረቀውን ካናቴራ ከነቁጥሩ ለበስኩ፣ ሜዳልያዬን አጠለቅሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ፣ አክስቴ ወደምትሠራበት ሰፈር እያነከስኩ ሄድኩ። የሰፈሩ ሰው በየደጁ ወጥቶ ነበር። አክስቴ ግቢው በር ላይ ምንጣፍ ስታራግፍ ከመንገዱ ጫፍ አየኋት።

«አክስትዬ!» ብዬ ጮህኩ። መንገዱ በሙሉ ዞረ። «እዚያው ቁሚ! አሁን ልገባ ነው!»

መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ምንጣፉን ጣለች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አንዱን ጫፍ ይዛ ሌላውን ለግቢው ዘበኛ ዘረጋችለት። «ዋርያ፣ አንተ፣ ያዝ! ጥብቅ አድርገህ ያዝ!»

ዘበኛው ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ ግን ያዘ። እኔም መሮጥ ጀመርኩ።