ትከሻ የከለከሉኝ እንግዳ

በግራ ደረቴ ከቆዳዬ ሥር፣ ልቤ ምቱን እንዳይዘነጋ የሚጎተጉተው መሣሪያ ከተቀበረ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ በቅርቡ «ባትሪው እየደከመ ነው፤ እንደገና ተከፍቶ ይቀየራል» ካለኝ ወዲህ ግን እረፍት አጣሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ እንዳይነካብኝ ግራዬን አሽሽቼ ቀኝ ትከሻዬን ብቻ ነው የማቀርበው።

በዚህ መሀል ሴት ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሎች ከቡሬ ተነሥተው ፍኖተ ሰላም ቤቴ መጡ። የሚያገባት ልጅ አባትም አብረው ነበሩ። ቀኝ ትከሻዬን ስሰጣቸው እሳቸው ሸሽተው ግራቸውን አቀረቡ። እኔም ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ። እንደገና ሞከርን፤ እንደ ተፋጠጡ አውራ ዶሮዎች ወዲያና ወዲህ አልን እንጂ አልተገናኘንም። በእኛ አገር ትከሻውን የሚነፍግ ቂም ያለው ሰው ነው።

«ምነው፣ በመካከላችሁ ደም አለ እንዴ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ባለቤቴ ከኋላዬ «ኧረ አንተ ሰው፣ የልጄን ትዳር ልታፈርስ ነው?» ብላ ቆነጠጠችኝ።

ቢጨንቀኝ የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ ጠባሳዬን አሳየሁ። ሰውዬው አፍጥጠው አዩኝና ጋቢያቸውን ገለጡ። በቀኝ ደረታቸው ላይ ያው እብጠት፣ ያው ጠባሳ!

«የፊተኛው በግራ ነበር» አሉ። «ሲቀየር ወደዚህ አዞሩት።»

ቤቱን የሞላው ሳቅ ሲበርድ ሽማግሌው ተነሥተው «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ...» ብለው ጀመሩ። ወጉ «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ መስጠት ነበር። እኔ ግን የሰውዬውን እጅ እንደ ያዝኩ፣

«ልጅቷን ሰጥቻለሁ፤ አሁን ይንገሩኝ፣ ሲቀይሩት ያማል?» አልኩ።