አንድ መሐረብ እሸት ቡና

በደርግ ዘመን ከጅማ እየተነሣሁ ለጋዜጣ ከምጽፈው ዜና አብዛኛው ስለ ቡና በሽታ ነበር። በሽታው ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ አጥቁሮ ያረግፈዋል። ሊሙ ገነት አጠገብ ግን የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ጥቂት ዛፎች ሳይነኩ ቀሩ። አንድ ወጣት ተመራማሪ ለዘር መርጧቸው ስለነበር፣ ከውጭ አገር ለመጣ የእጽዋት ባለሙያ ሊያሳያቸው ሲሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ።

እንግዳው ዛፎቹን ዞሮ አየ። ተመራማሪው ጥያቄዬን እየመለሰልኝ ሳለ፣ እንግዳው መሐረቡን ዘርግቶ በምልክት ጥቂት ፍሬ እንዲሰጡት ሽማግሌውን ለመናቸው። እሳቸውም መሐረቡን ተቀብለው ቀይ እሸት ቡና ሞሉለት። በዚያ አካባቢ ዘር ለጠየቀ ጎረቤት አይከለከልም፤ ለእንግዳማ ጭራሽ።

ተመራማሪው ዘወር ሲል አየ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ እኔም እንድሰማ መሰለኝ በአማርኛ ተናገረ።

«አባባ፣ ይህ ዘር ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።»

«ከእንግዳ እጅ ልንጠቅ? ወላሂ አላደርገውም።»

«እነሱ አገር አዲስ ዘር በሰው ስም ይመዘገባል። ነገ ከባለቤቱ ግዙ ይሉናል።»

«ባለቤቱ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ አንተስ በማን ስም መዘገብከው?»

ተመራማሪው «በቁጥር ነው» አለ።

«ቁጥርማ እስረኛም አለው፣ ልጄ።»

ይህን አነጋገር ያን ጊዜ ማስታወሻዬ ላይ አላሰፈርኩትም።

ሽማግሌው ለእንግዳው ፈገግ ብለው መሐረቡን መልሰው ተቀበሉትና ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ መሐረቡ የተቆላ ቡና ይዟል።

«አገሩ ወስዶ ይጠጣው። ይሄኛው አይበቅልም» አሉ።

ተመራማሪው ሲተረጉምለት እንግዳው ሳቀና እጅ ነሣ።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ተመራማሪው ዞረው «አሁን ጻፍ» አሉት። ደብተሩን አውጥቶ ከዛፎቹ ቁጥር አጠገብ ሙሉ ስማቸውን ጻፈ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው ስለነበር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

«በእርሳስ ነው እንዴ?»

«ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈሳል፣ አባባ። እርሳስ አይለቅም።»

ደብተሩን መለሱለት።

«እንግዲያው ጫን አድርገህ ድገመው።»