ወልቀፊት ላይ ማንም ያልነካው ድንጋይ

የመንገድ ጥገና ሥራ የጀመርሁት ደባርቅ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ በጭነት ማኪና ተሳፍሬ ስደርስ ካቦው አያ ታፈረ መዳፌን ገልብጦ አየና፣ «ይኼ እጅ ዲጂኖ ጨብጦ አያውቅም» አለኝ። ዲጂኖ ድንጋይ የምንፈነቅልበት ረጅም ብረት ነው። ያን ቀን ሳነሣው ሳስቀምጠው ዋልሁ። ማታ እጄ እንጀራ መቁረስ አቃተው።

ሥራችን ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ መጠበቅ ነበር። ክረምት ያፈረሰውን በጋ እንክባለን። ከላይ መሐንዲሱ አለ፣ ከሱ ሥር ካቦው፣ ከካቦው ሥር ግንበኛው፣ ከሁሉ ታች እኛ ባሬላ ተሸካሚዎች። ባሬላ ማለት ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚይዘው የድንጋይ ቃሬዛ ነው። ጣሊያን የቆረጠውን፣ እንግሊዝ በአውሮፕላን የደበደበውን መንገድ፣ ከአሜሪካ በመጣ መሐንዲስ ትእዛዝ እንጠግን ነበር። ሦስቱ መንግሥታት እርስ በርሳቸው ከታረቁ ቆይተዋል። ድንጋዩን የምንሸከመው ግን እኛው ነን።

አያ ታፈረ አርበኛ ነበር። ወንድሙ የሞተው ከመንገዱ ራስ ባለው የጣሊያን ምሽግ፣ ወልቀፊት ላይ፣ የተቀበረ ፈንጂ ረግጦ ነው። ቁጡ ሰው ነው፤ ባሬላ ያዘነበለ ሰው እናቱን እስኪረሳ ይሰድበዋል። ስንታመም ግን ጋቢውን አውልቆ የሚያለብሰን እሱ ነው። እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ።

ግንበኛው አያ ውበቱ ዝምተኛ ነው። ያለ ሲሚንቶ ድንጋይን ከድንጋይ አናክሶ ይገነባል። «ድንጋይ ፊት አለው፤ ፊቱን ፈልገህ አስቀምጠው» ይለኝ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የት እንደነበረ ሲጠይቁት «ሱዳን» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። እሱና አያ ታፈረ ምሳ የሚበሉት ከአንድ አገልግል ነበር። ከቤተ ዘመድም እንደነሱ የሚግባባ አላየሁም።

ከወልቀፊት ምሽግ በላይ አንድ ተዳፋት አለ። ሸጋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሞልቶበት ማንም አይነካውም ነበር። የአንድ ገበሬ በሬ እዚያ ፈንጂ ረግጦ ሞቷል። የነበረው አንድ ፈንጂ ነው፣ እሱም ፈነዳ የሚሉም አልጠፉም።

አንድ የግንቦት ጠዋት መሐንዲሱ ከአስተርጓሚው ጋር በጂፕ መጣና ከዚያ ተዳፋት ድንጋይ አውጡ አለ። የመንገዱን ዳር የሚደግፈው ግንብ ከክረምት በፊት ማለቅ ነበረበት። አያ ታፈረ የፈንጂውን ነገር ሲያነሣ መሐንዲሱ ካርታ ዘረጋ።

«ከጦርነቱ በኋላ ተፈትሿል፣ ንጹሕ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «የሰላሙም ውል ከተፈረመ ቆይቷል ይላል።»

«ውሉን ፈንጂው አንብቦታል ወይ በልልኝ» አለ አያ ታፈረ።

አስተርጓሚው ይህን ይተርጉመው አይተርጉመው እንጃ። ከምሳ በኋላ ስድስት ሰው ገብቶ ይቆፍር ተባለ፤ መሐንዲሱም ሄደ። ከስድስቱ አንዱ እኔ ነበርሁ።

ምሳ ላይ አያ ውበቱ እህል አልቀመሰም። ተነሥቶ ሄደና ትልቅ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ተመለሰ። አያ ታፈረ ፊት ሲደርስ አጎንብሶ ቆመ።

እኔ ሞኙ፣ «አያ ውበቱ፣ ምነው ራስህ ተሸከምህ? እዚያ ግንቡ ሥር ጣለው» አልሁት። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስንሸከም ለምንውል ሰዎች ይኼ ምን ይገርማል? የሌሎቹን ፊት ሳይ ነው የገባኝ። ባገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ ድንጋዩን ካወረደለት ይቅር ብሎታል ማለት ነው።

«ሱዳን አልነበርሁም» አለ አያ ውበቱ። «እዚሁ ነበርሁ፣ ለጣሊያን አድሬ። ያን ተዳፋት ፈንጂ የቀበርንበት እኛ ነን። ብዙ ነው። ልጆቹን አታስገባቸው።»

ጃንሆይ ለጣሊያን ላደሩት ምሕረት እንዳደረጉ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን ምሕረቱ የታወጀው አዲስ አበባ፣ የአያ ታፈረ ወንድም የሞተው እዚህ ነው። የአያ ታፈረ ጠመንጃ ድንኳኑ ውስጥ ነበር፤ ሁላችንም ወደ ድንኳኑ አየን።

«ወንድሜን ታውቀው ነበር?» አለ አያ ታፈረ።

«አላውቀውም። ማን እንደሚረግጠው አናይም። ቅበሩ ሲሉን ቀበርን።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልህ?»

አያ ውበቱ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አመቻቸ። «አብረን እንበላለን» አለ። «እሱ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።»

አያ ታፈረ ፊቱን አዞረ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደለትና፣ «ና፣ አሳየኝ» አለው።

በተዳፋቱ ዳር ዳር ሄዱ። አያ ውበቱ ከፊት እየቀደመ በጣቱ ያመለክታል፣ አያ ታፈረ ለምልክት ኖራ ይበትናል። እኛ መንገዱ ላይ ቆመን እናያለን። አንዱ ኖራ ያረፈው እኔ ልቆፍርበት ከነበረው ቦታ ሦስት እርምጃ ርቆ ነው። መንገዱ ላይ ቁጭ አልሁ።

በሳምንቱ ፈንጂ የሚያነሡ ወታደሮች መጥተው ሰባት አወጡ። ሰባቱም ኖራው ባለበት ነበሩ። መሐንዲሱ ፊቱ ቀልቶ፣ ማን እንደቀበራቸው በአስተርጓሚው አስጠየቀ። አያ ውበቱ አጠገባችን ድንጋይ ይጠርብ ነበር።

«የሮማ መንግሥት ነው በለው» አለ አያ ታፈረ።

«የሰውየውን ስም ይፈልጋል።»

«ስሙንም ሮማን ይጠይቅ።»

ነገሩ በዚህ አለቀ ብል ግን እዋሻለሁ። አያ ታፈረ ይቅር ካለ በኋላ እንኳ ወር ያህል ምሳውን ለብቻው በላ። አያ ውበቱም ከኛ ጋር ተቀምጦ አንድ ሁለት ጊዜ ይጎርስና ይነሣል። ዝናብ የጀመረ ሰሞን አያ ታፈረ አገልግሉን አንጠልጥሎ መጣና አያ ውበቱ አጠገብ ተቀመጠ። «ብላ እንጂ፣ ለብቻዬ አልጨርሰው» አለው።

እኔም ካቦ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ጦርነት ያለፈበት መሬት ቆፍሩ ስትባሉ ካርታውን ብቻ አትመኑ፤ ከተሸነፈው ወገን የነበረ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። እንዲነግራችሁ ከፈለጋችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ምሳ አብራችሁት ብሉ።