ለድንጋጤ ያጠጣሁት አረቄ

ነገሩ የሆነው አምና ከመስቀል በኋላ ነው። አንድ ምንም የማያውቅ ሰው በእኔ ምክንያት ወህኒ ሊወርድ ስለነበር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከጉንችሬ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር አረቄ እሸጣለሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከቡታጅራ የመጣ ሚኒባስ ድንገት መንገድ ውስጥ የገባችን ላም ለማዳን ሲል ቤቴ ፊት ለፊት ቦይ ውስጥ ገባ። አንዲት ተሳፋሪ እጇ ተሰበረ። ሹፌሩ ወርዶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እጁ ይንቀጠቀጣል።

እኛ ዘንድ የደነገጠ ሰው ዝም ብሎ አይታይም። መለኪያ ሙሉ አረቄ ይዤ ሮጥኩ። «ጠጣው፣ ልብህ ይመለስ» አልኩት። አልፈልግም ቢለኝም እኔ መች እሰማለሁ፤ ለምኜም ተቆጥቼም አጠጣሁት። ደገምኩለትም።

ከዚያ የተጎዳችውን ሴት ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ስመለስ ሹፌሩ የለም። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ በመሣሪያ ሲያስተነፍሰው አልኮል ተገኝቶበት፣ «ጠጥቶ ሲነዳ ሰው ጎዳ» ተብሎ ወልቂጤ ወስደውታል።

በማግስቱ ወልቂጤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። «ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ከአደጋው በኋላ» አልኩ።

ፖሊሱ ቀና ብሎ አየኝ። «ዘመድሽ ነው?»

«ስሙን እንኳ አላውቀውም።»

«እናቴ፣ አደጋ ያደረሰ ሹፌር ሳይመረመር ምንም መጠጣት የለበትም። መሣሪያው መቼ እንደጠጣ አይናገርም። ከአደጋው በፊት እንዳልጠጣ የሚያውቅ ምስክር አለሽ?»

አልነበረኝም። ግን እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው የመጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ቡታጅራ ጨርቅ እንደሚሸጡ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ቡታጅራ ሄጄ ከሱቅ ሱቅ ስጠይቅ ዋልኩ፤ አገኘኋቸው።

«እኔ መጠጥ ከሩቅ ነው የሚሸተኝ» አሉ ሐጂ። «ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ነው የመጣነው። ወላሂ፣ ምንም አልሸተተኝም።» ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ወልቂጤ መጡና ቃላቸውን ሰጡ። እኔም ከቃሌ ሥር ፈረምኩ።

ጉዳዩ ተጣርቶ ሹፌሩ ተለቀቀ። ታስሮ ያደረው ግን በእኔ ጥፋት ነው፤ ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

ባለፈው ወር እዚያው አካባቢ አንድ የጭነት መኪና ተገለበጠ። ጎረቤቴ አንድ ጠርሙስ አረቄ አንስታ ወደ ሹፌሩ ስትሮጥ ደርሼ ነጠቅኳት።

«ሰውየው እየተንቀጠቀጠ? እንዴት ያለሽ ጨካኝ ነሽ!» አለችኝ።

«ጨካኝ በዪኝ። መጀመሪያ ይመርመር» አልኳት።

ነጠላዬን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት። ትራፊኩ መጥቶ እስኪያስተነፍሰው ድረስም ጠርሙሱን ብብቴ ሥር ይዤ ከአጠገቡ አልተነቃነቅኩም።