መሬት የማይነካው ቦርሳ

ሩሐማ ከሆግቭሊት ጣቢያ በተሳፈረችበት ሜትሮ ባቡር አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ በጠራራ ፀሐይ የላስቲክ ቦት ተጫምተው፣ ትልቅ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አቅፈዋል። ከዚፑ ጭቃ ያጠቆረው የነጠላ ጥለት ብቅ ብሏል።

“አባባ፣ እንዳይከብድዎት መሬት ያስቀምጡት።”

ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

“መሬት? አምና ጎርፍ ቤቴ ሲገባ ኢንሹራንሶቹ፣ ‘መሬት ላይ ለነበረ ዕቃ አንከፍልም’ አሉኝ። የሟች ባለቤቴ ልብሶች መሬት ነበሩ። ዘንድሮ ደግሞ፣ ‘ቤትህን ውሃ ያጠቃዋል’ ብለው ክፍያውን እጥፍ አደረጉት። ልተወው እንዳልል፣ ያለ ኢንሹራንስ ለቤቱ ያበደረኝ ባንክ ቤቱን ይነጥቀኛል። ቱፍ! እድር እንኳ ሲከፋሽ ድንኳን ይዞልሽ ይመጣል።”

መውረጃቸው ሲደርስ ቦርሳውን እንዳቀፉ ተነሱ። ሩሐማ እግሯ ሥር ያኖረችውን ቦርሳ በስጋት አዩት።

“አንሺው ልጄ” አሏት። “እነዚህ ኢንሹራንሶች ከፍ ብሎ ላልተቀመጠ አያዝኑም።”