በቁሙ ያለቀስኩለት ጎረቤቴ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ኦገስት ውስጥ፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ ስለማላውቅ ነው። ባለቤቴ "ይህንንስ ለሰው አታውሪው" ብሎኝ ነበር። ግን እኔ ያላወራሁት ነገር ሆዴ ውስጥ አይቀመጥልኝም፤ ይኸው ልጽፈው ተቀመጥኩ።

የምንኖረው ካልጋሪ ከተማ፣ ዶቨር የሚባል ሰፈር ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ሚስተር ፓቬል የሚባሉ የቼክ ሰው ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ እዚህ አገር ከገቡ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። "ፓቬል ብቻ በይኝ" ይሉኛል፤ እኔ ግን አባቴን የሚያክል ሰው በደረቁ በስሙ ልጥራ ብል አፌ እሺ አይለኝም። የቤታቸው ዕዳ አልቋል። ሳራቸው በመቀስ የተስተካከለ ይመስላል። ጋራዣቸው ውስጥ መዶሻው እንኳ የራሱ መስቀያ አለው። ባለቤታቸው ያና ይባላሉ፤ ከሰላምታ ሌላ ብዙም የማይናገሩ ሴት ናቸው።

በግራ በኩል ደግሞ ዊልሜርና ሮሳ የሚባሉ የፔሩ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ተከራይተው ይኖራሉ። ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ የሮሳ እህት ከነቤተሰቧ አለች። ደጃቸው ላይ አራት መኪና ይቆማል፤ ከአራቱ የሚነሳው ሁለቱ ነው። ዊልሜር ጣሪያ ይሠራል፣ ሮሳ ቢሮ ታጸዳለች።

ልጄ ሜላት ዩኒቨርሲቲ ናት። ኤፕሪል ላይ የሁለት አገር ስደተኞችን ኑሮ አወዳድሩ የሚል አሳይመንት ተሰጣት፤ ገቢያቸውን፣ ቤታቸውን፣ ጤናቸውን፣ ከሰው ጋር ያላቸውን ኑሮ። እሷም ፔሩንና ቼክን መረጠች። "እማዬ፣ ግራና ቀኝ አሉልኝ አይደል? ምን አደከመኝ" አለችኝ። የእኔ ልጅ ለመሆኗ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሚስተር ፓቬል ጋ ሄዳ በሩብ ሰዓት ተመለሰች። የሁሉም ጥያቄ መልስ "ጥሩ ነው፣ ችግር የለም" ነበር። ሮሳ ጋ ስትሄድ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየች። የአከራያቸውን የላንድሎርዱን ክፋት፣ የብርዱን፣ የመኪናውን፣ የጥርስ ሕመሙን ሁሉ ሰምታ፣ በልታ ጠግባ፣ ለእኔም በሳህን ተልኮልኝ መጣች። እኔ ወረቀቱን አየሁና ፈረድኩ። ቼኮቹ ደልቷቸዋል፣ ፔሩዎቹ ተቸግረዋል፤ አለቀ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሜላት አመነታች። "በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል" ለሚለው ሚስተር ፓቬል "አንድ" ብለዋል። "ሚስትየዋስ? ጥያቄው ሳይገባቸው ነው፤ ሁለት በይው" አልኳት። እርግጥ ዊንተሩን ሙሉ ያናን አላየኋቸውም። ግን በካልጋሪ ዊንተር ማን ማንን ያያል? ቶሮንቶ ልጃቸው ጋ ከርመው ይሆናል ብዬ ነው ያሰብኩት። ሜላትም "ሁለት" ብላ አስተካክላ አስረከበች። ማርኳም ጥሩ ነበር።

ጁላይ ላይ ዊልሜር ከጣሪያ ላይ ወደቀ። ዳሌውና እግሩ ተሰበረ። ሮሳ አጥሩን ተደግፋ ስትነግረኝ ዓይኗ አብጦ ነበር። አንድ ኦፕራሲዮን ተደርጎለታል፣ ሌላ ይጠብቀዋል። የሚሠራው በግሉ ስለሆነ ኢንሹራንስ የለውም፤ የቤቱ ሬንት የሚከፈለው ደግሞ በእሱ ገቢ ነው። ላንድሎርዱ አንድ ወር ካለፈ ልቀቁ ይላል። "ሦስት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?" አለችኝ። ምን ይባላል? እግዚአብሔር ያውቃል አልኳት። በማግስቱ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩላት። ከዚያ በሥራ ቦታዬ ሰው ጎድሎ ደብል ሺፍት ስለተጫነብኝ ወደ አሥር ቀን ያህል ሳላያት ቀረሁ።

የምሠራው አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ መንገዳችን በመኪና ተሞልቶ ፓርክ የማደርግበት አጣሁ። ራቅ አድርጌ አቁሜ በእግሬ ስመጣ፣ የሮሳ ጓሮ፣ ባክያርዱ ውስጥ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶች ከፒካፕ ላይ ወንበር ያወርዳሉ። ሁለት ሰው የሚሸከመው ድስት ሲገባ አየሁ። በሩ ላይ ሮሳ አንዲት ትልቅ ሴትዮ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች።

ክው አልኩ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልቅ ድስት፣ የምታለቅስ ሚስት፣ ሆስፒታል የተኛ ባል። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ዊልሜር ሞተ አልኩ። ሦስቱ ልጆች ናቸው መጀመሪያ በዓይኔ የመጡት።

ሮጬ ቤት ገባሁ። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። ባለቤቴም ልጄም ሥራ ናቸው። ለቅሶ ቤት ብቻዬን ገብቼ ስለማላውቅ ሚስተር ፓቬልን ልጥራ ብዬ በራቸውን አንኳኳሁ። ዊልሜር እንደሞተ ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ ሆነ። "እርግጠኛ ነሽ? ማን ነገረሽ?" አሉኝ። "ድንኳን ተክለዋል እኮ። እኔ ለቅሶ ቤት ከሩቅ አውቃለሁ" አልኳቸው፣ አፌን ሞልቼ።

ብዙም ሳይቆዩ ጥቁር ሱፍ ከጥቁር ክራቫት ጋር ለብሰው ወጡ። ከግቢያቸው አበባ እየመረጡ ስድስት ቆረጡ። እኔ አንዲት የደመቀች ጨምሬ ሰባት ላደርግላቸው ስል እጄን ያዙኝ። በአገራቸው ለሞተ ሰው የሚወሰድ አበባ ጥንድ ጥንድ ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ለሕያው ነው አሉኝ። እሺ ብዬ ተውኩት። እያንዳንዱ አገር የራሱ ወግ አለው።

አጥሩን አልፈን ድንኳኑ አፍ ላይ እንደደረስን እኔ በአገሬ ወግ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። "ወንድሜ፣ ወንድሜ ዊልሜር" እያልኩ ደረቴን ይዤ ገባሁ። ለቅሶው ደግሞ የምር ነበር፤ እንባዬ ዓይኔን ጋርዶት የማየው አልነበረም። የገረመኝ ግን ተቀብሎኝ የሚያለቅስ ሰው አለመኖሩ ነው። እንባዬን ጠርጌ ቀና ብል ሃምሳ የሚሆን ሰው የወረቀት ሳህን ይዞ ያየኛል። መሀል ላይ ዊልሜር፣ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ ክራንቹን ጎኑ አጋድሞ፣ የዶሮ ቅልጥም ይዞ ተቀምጧል።

ደንግጦ "ሴኞራ፣ ማን ሞተ?" አለኝ።

ሚስተር ፓቬል በተረጋጋ ድምፅ መለሱለት።

"አንተ።"

ሮሳ በስፓኒሽ ተረጎመችው። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ዊልሜር ዳሌውን ይዞ "አታስቁኝ፣ ያመኛል" እያለ ይስቃል። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሚስተር ፓቬል ግን አልሳቁም። አበባውን ተመለከቱ፣ ከስድስቱ አንዱን መዘው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ፣ አምስቱን ለዊልሜር ሰጡት። ከእኔ በቀር የገባው ሰው አልነበረም።

ሮሳ አቅፋኝ አስረዳችኝ። ፖያዳ ይሉታል። በአገራቸው ሰው ሲታመም ወይም ሲቸገር ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ ዶሮ ይጠብሳል፤ የሚያውቀውም የማያውቀውም እየመጣ በሳህን ይገዛል፣ ይበላል፣ ይጨፍራል፤ የተገኘው ለታመመው ቤት ይሆናል። ዊልሜር ከሆስፒታል ከወጣ አራተኛ ቀኑ ነው። እሷ በር ላይ ያለቀሰችው ያቀፈቻት ሴትዮ ከሌላ ከተማ ድረስ ሦስት ሰዓት ነድታ ስለመጣችላት ነው። የሁለት ወሩ ሬንት እስካሁን ሞልቷል፣ አንለቅም አለችኝ። እዚያው ደስ ብሎኝ ሌላ ዙር አለቀስኩ። የእኛ እድር ድንኳን የሚተክለው ሰውዬው ካረፈ በኋላ ነው፤ እነዚህ ቀድመው መትከላቸው ብልኅነት ነው ብዬ አሰብኩ።

ዶሮ ቀረበልኝ፤ ጾም ነው አልኩ። ሴቶቹ ተመካክረው ድንች፣ በቆሎና ሰላጣ ከምረው አመጡልኝ። ጾም የማይሆንለት ባሌ አለልኝና የእሱን ሁለት ሳህን ገዛሁ። ሚስተር ፓቬል አጠገቤ ተቀምጠው ዶሯቸውን በቢላና በሹካ ሥርዓት ባለው መንገድ ይበላሉ። ጥቁር አስለብሼ በማምጣቴ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

"ግድ የለም። ይህን ሱፍ ለመጨረሻ ጊዜ የለበስኩት ፌብሩዋሪ ላይ ነው" አሉ። "ለያና ቀብር።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ በእጄ የያዝኩት ድንች ወደቀ። የያና ልብ ነው አሉኝ፤ በታመሙ በአንድ ሳምንት ውስጥ። ቀብሩ ላይ የነበሩት እሳቸው፣ ከቶሮንቶ የመጣው ልጃቸውና የቀብር ድርጅቱ ሠራተኛ ናቸው። በቃ፣ ሦስት ሰው። ለምን አልነገሩንም አልኳቸው።

"ሰው ማስቸገር አልወድም። ሁሉም የራሱ ሥራ አለው" አሉ። ከዚያ "ለልጅሽ ነግሬያታለሁ። በቤቱ የምንኖረው አንድ ሰው ነን ብያታለሁ" አሉኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ቃል ልንገራችሁ? እኔ ለማላውቀው ሰው አባት ለቅሶ ኤድመንተን ድረስ በበረዶ የነዳሁ ሴት ነኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያልኩ ለሌላው የምመክር ሴት ነኝ። በአጥሬ ሥር ሰው ሞቶ፣ ባልየው ስድስት ወር ብቻቸውን ሲገቡና ሲወጡ እጄን እያወዛወዝኩ "ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው" ስላቸው ከርሜያለሁ። በራሳቸው አፍ የተናገሩትንም ሁለት በይው ብዬ አስለውጫለሁ። በራሴ ተናደድኩ፣ በጣም ተናደድኩ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ ነው። ፊታቸው ቆሜ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኩ፤ በአማርኛ ነው ያልኩት፣ እንግሊዝኛው አልመጣልኝም። ከዚያ ለያና አለቀስኩላቸው። ሚስተር ፓቬል ሹካቸውን አስቀመጡ፤ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉና እሳቸውም አለቀሱ። ድምፅ የለውም የእሳቸው፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ሮሳ መጥታ ምን ሆናችሁ አለች። ስነግራት ሄዳ ሙዚቃውን ዘጋችው። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጉንጫቸውን ሳሟቸው፣ እጃቸውን ያዙ። ዊልሜር ክራንቹን ተደግፎ እያቃሰተ ተነሳና ወንበሩን አስጎትቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጎ ቆየ። ስለ ያና ጠየቅናቸው። ያና እንጉዳይ መልቀም ይወዱ ነበር፣ በየመኸሩ ባላቸውን ጫካ ለጫካ ያዞሯቸው ነበር። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ያና ያወቅኩት በስድስት ዓመት ጉርብትና ካወቅኩት ይበልጣል።

በመጨረሻ ሚስተር ፓቬል ራሳቸው ሙዚቃው ይከፈት አሉ። "ያና ጭፈራ ትወድ ነበር፣ እኔ ነበርኩ እምቢ የምለው" አሉ። ሮሳ ይህን ሰምታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። ጥቁር ሱፋቸውን እንደለበሱ፣ አበባዋ ከኪሳቸው ብቅ እንዳለች፣ ሁለት ዙር አሽከረከረቻቸው።

ቤት ስገባ ለሜላት ነገርኳት። አሳይመንቷን አውጥታ ብዙ አየችው። "እማዬ፣ ማን ይሻላል ያልነው ሁሉ ስህተት ነው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው። የሚስተር ፓቬል ቤት ዕዳ የለውም፣ የሮሳ ቤት የራሷ አይደለም፤ ያ አልተለወጠም።

ዊልሜር አሁን ያነክሳል እንጂ ይሄዳል፤ ጣሪያውን ትቶ የጣሪያ ዕቃ በሚሸጥ መደብር ተቀጥሯል። ቤቱንም አልለቀቁም።

ባለፈው ወር፣ ብርዱ በጠናበት አንድ ጠዋት፣ ስልኬ ጠራ። ሚስተር ፓቬል ናቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ደውለውልኝ አያውቁም።

"አልማዝ፣ አሞኛል" አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ካፖርቴን በፒጃማዬ ላይ ደርቤ ሮጥኩ። ስደርስ ሮሳ ቀድማኛለች፤ ለእሷም ደውለዋል ማለት ነው። ሾርባ ጥዳለች፣ ዊልሜር እያነከሰ ደጁን በረዶ ይጠርጋል። ሚስተር ፓቬል ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ የት የት እንደሚያማቸው አንድ በአንድ ይዘረዝሩልን ጀመር። ጉሮሮዬን፣ ጀርባዬን፣ ጭንቅላቴን። አላቋረጥናቸውም። ሰው "አመመኝ" ሲለው ደስ የሚለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ እኔን እዩኝ።