«ደህና» ያልኳት ፕሮግራም

ወደ ጀርመን የመሄጃዬ ዋዜማ፣ መግሪብ ተሰግዶ ዘመድ ሁሉ ቤት ተሰብስቦ ዱዓ ሲያደርግልኝ፣ እኔ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ባለችው የአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ተንበርክኬ ከኮምፒውተር ላይ የእንጨት ብናኝ እጠርግ ነበር። ባባ በርጩማ ነው የሚሠሩት፤ ያንን ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለሦስት እግር። ብናኙ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ኮምፒውተሯን ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ነው ያመጣኋት፤ አርጅታ አልነሳ ስትል ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ሲስተም ጫንኩባትና ነፍስ ዘራች።

«ሰው እኮ እየጠበቀሽ ነው» አሉ ባባ በሩ ላይ ቆመው።

«ይቺን ልጨርስ። ጠዋት ጠዋት እንዴት አደሩ ትልዎታለች። ያሻዎትን ይጻፉና ይቺን ትልቋን ቁልፍ ይጫኑ፤ እኔ ጋ ይደርሳል።»

«ስልክ እያለ?»

«በስልክማ ሁላችሁም ሁልጊዜ ደህና ናችሁ።»

ሳቁ። ገብቷቸዋል።

እናንተም ይገባችኋል። እኛ ዘንድ ባሕር ማዶ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። አክስቴ ሲሞቱ አረብ አገር ያለችው ልጃቸው ለወራት «ገጠር፣ ሸቤ ሄደዋል፣ ኔትወርክ የለም» ስትባል ከርማ፣ በመጨረሻ ያገሯ ሰዎች ፈጅር ላይ ተሰብስበው በሯን አንኳኩና አረዷት። ያ እንዳይደርስብኝ ነው ፕሮግራሟን የጻፍኩት። ስሟንም «ደህና» አልኳት። ሙያዬ አይደለም፤ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የተማርኩት ስለ ውሃ ነው። ኮድ ለኔ ሌላዋ ሴት ዳንቴል እንደምትሠራው ነው፤ አንዷ ትንሽ ፕሮግራም የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ትመልሳለች፣ አንዷ የሶላት ሰዓት ታስታውሳለች። የሠራሁትን ሁሉ ለታናሽ እህቴ ለሀያት አስተምሬያታለሁ።

ጀርመን የመጣሁት ሽማግሌ መንከባከብ ልማር ነው፤ የራሴን ሽማግሌ ትቼ። እዚህ ዝናቡ እንኳ ድምፅ የለውም። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ያስጯጩሃል፤ የዚህኛው ተደብቆ ይገባና ልብስህን በስብሶ ታገኘዋለህ። ዳቦው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ አንድ ማንኪያ የጅማ ማር ቢያገኝ ሰው ይሆን ነበር። ግን ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት የባባ መስመር ይጠብቀኛል። አንዳንዴ ከፈጅር በኋላ፣ አንዳንዴ ረስተውት ቀትር ላይ ይጽፋሉ። «አልሃምዱሊላህ። እንጨት ርጥብ ነው። በላሽ?» «መብራት ጠፍቶ ነበር። በላሽ?» ምንም ቢጽፉ መጨረሻው ያው ነው፤ በላሽ።

አከራዬ አንድ ቀን ሳያንኳኩ ገቡና ኮድ የሞላበትን ጥቁር ስክሪን አዩ።

«ይሄ ምንድነው? ሀከር ነሽ እንዴ? ኢንተርኔቱ በኔ ስም ነው፤ ፖሊስ ሲመጣ የሚያስረው እኔን ነው!»

«የአባቴን ደህንነት እየጠየቅኩ ነው።»

«ስልክ የላቸውም?»

«አላቸው። በስልክ እውነት አይናገሩም።»

«ውሸታም ናቸው ማለት ነው?»

«አይደሉም» አልኩ፣ «ስለሚወዱኝ ነው።»

ሴትየዋ ወደ በሩ ዞሩና፣ «ለማንኛውም መስኮቱን ክፈቺ፣ ግድግዳው ይሻግታል» ብለውኝ ወጡ።

ከረመዳን በኋላ የሆነ ነገር ልቤን ይቆረቁረው ጀመር። መስመሩ በየቀኑ ይመጣል፤ «አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ» ይላል። ምን ጎደለ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ፤ ሸይጣን ነው ብዬ አዑዙ ቢላህ አልኩ። ግን እጄ ወደ ኋላ ሄዶ የደረሱበትን ሰዓት ተመለከተ። ከረመዳን ወዲህ የመጡት ሁሉ በጅማ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ነው። ጁምዓም፣ ዒድም፣ ልክ ሁለት ሰዓት። ባባ ደግሞ በሕይወታቸው በሰዓቱ የደረሱት ለሶላት ብቻ ነው።

ሊኑክስ ውስጥ ክሮን የሚባል ፕሮግራም አለ። ሰዓቱን ከነገራችሁት፣ ሰው ሳይነካው ያዘዛችሁትን ይሠራል። ለሀያት ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ደወልኩ።

«ሀያቴ፣ ባባ የት ናቸው?»

«መስጊድ። ደህና ናቸው፣ አልሃምዱሊላህ።»

«ክሮኑን ማን ጻፈው?»

ከኋላዋ የመጋዝ ድምፅ አልነበረም።

«ወላሂ እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ!» አለች እያለቀሰች። «ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ምላሳቸውም ያዝ ያዝ ያደርገዋል። ሐኪሙ ይሻላቸዋል ብሏል። ‹እዚያ ብቻዋን ናት፣ እንዳትነግሯት› አሉ። ምን ላድርግ?»

«አጥፊው። አንድ ፊደልም ይሁን፣ ራሳቸው ይንኩት።»

«እሺ። ግን እንዴት አወቅሽ?»

«ሰዓቱ። ደግሞ በላሽ አይልም።»

አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ መለያውን ራሴ ነገርኳት። ይህን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያሰብኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሰግጄ፣ ሻይ በወተት አፍልቼ፣ ዳቦዬን ቆርሼ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። የጅማ ሁለት ሰዓት ደርሶ አለፈ። ምንም የለም። ወደ ሥራ መሄጃ ሰዓቴም አለፈ። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከቁርኣን ያሲንን ቀራሁ፤ መሃል ላይ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ።

ከዚያ አንድ መስመር መጣ።

«በላ»

ይኸው ብቻ ነው፤ ያላለቀ። የባባ ግራ እጅ ደክሞ ያቆመው ይሁን፣ ሀያት እኔን ለማሳረፍ ራሷ ጽፋ ሆን ብላ ያቋረጠችው፣ አላህ ያውቃል። እዚህ ሆኜ የማውቅበት ብልሃት የለኝም፤ እንዲህ ያለውን የሚለይ ፕሮግራም መጻፍ አልችልም።

ሻዩ ስልባቦት ይዟል። ዳቦው እንዳለ ነው።

«በልቻለሁ ባባ፣ አልሃምዱሊላህ» ብዬ ጻፍኩና ትልቋን ቁልፍ ተጫንኩ።